የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የሂሳቡ 6 እና የጤናው 24 በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ?

በዚህ እትም ከደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ዳር፣ ከእንጅባራ፣ ከሞጣ፣ ከአዴትና ከቡሬ የደረሱንን ደብዳቤዎች ሰብስበናል። ጠያቂዎቹ መምህራንና ተመራማሪዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም የማዕረግ እድገት ፋይል እያዘጋጁ ነው። ጥያቄዎቹ የሚያጠነጥኑት በሳይቴሽን፣ ማለትም አንድ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች በመጠቀሱ፣ እና ከእሱ በሚሰላው ኤች-ኢንዴክስ ላይ ነው፤ በርዕሱ ያሉት 6 እና 24 የአንድ የሂሳብና የአንድ የጤና መምህር ኤች-ኢንዴክስ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፣ ስም አላወጣንም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ጎግል ስኮላር ላይ ኤች-ኢንዴክሴ 9 ይላል፣ ስኮፐስ ላይ ግን 5 ነው። ለእድገት ፋይሌ የትኛውን ላስገባ? ለምንስ ተለያዩ?» (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሁለቱንም ያስገቡ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ምንጩንና ያዩበትን ቀን ይጻፉ። ሁለቱም ሳይቴሽን የሚቆጥሩ የመረጃ ቋቶች ናቸው፤ ልዩነቱ የመጣው ከሚቆጠረው ክምችት እንጂ ከስሌቱ አይደለም።

ስሌቱ ለሁለቱም አንድ ነው። በ2005 ያቀረበው በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ሂርሽ ነው። ጽሑፎችዎን ብዙ ጊዜ ከተጠቀሰው ጀምረው ወደ ታች ይደርድሩና ተራ ቁጥር ይስጧቸው፤ ሳይቴሽኑ ከተራ ቁጥሩ ያላነሰበት የመጨረሻው ተራ ቁጥር ኤች-ኢንዴክስዎ ነው። ዘጠኝ ጽሑፍ ያለው ሰው ሳይቴሽኑ 41፣ 22፣ 15፣ 9፣ 6፣ 5፣ 5፣ 2፣ 0 ነው እንበል። አምስተኛው ጽሑፍ 6 ጊዜ ስለተጠቀሰ ተራ ቁጥሩን ያልፋል። ስድስተኛው የተጠቀሰው 5 ጊዜ ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ኤች-ኢንዴክሱ 5 ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ነገ ከ41 ወደ 400 ቢዘል ይህ 5 ፈቀቅ አይልም። ስድስተኛው ግን አንድ ሳይቴሽን ብቻ ቢጨመርለት 6 ይሆናል። በሌላ አነጋገር መለኪያው ከአንድ ጎልቶ ከወጣ ሥራ ይልቅ ደጋግሞ በመጠኑ የተጠቀሰን ይሸልማል። የጎግሉ «አይ-10» ከዚህም የቀለለ ነው፤ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱትን ብቻ ይቆጥራል፤ በምሳሌያችን 3 ይሆናል።

ጎግል ስኮላርና ስኮፐስ ሁለቱም ሥራ የጀመሩት በ2004 ነው፣ አሠራራቸው ግን ለየቅል ነው። ስኮፐስ በአማካሪ ቦርድ ተመርጠው የገቡ ጆርናሎችን፣ የጉባኤ ጥራዞችንና መጻሕፍትን ይይዛል። ጎግል ስኮላር ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የጥናት መልክ ያለው ሁሉ ይለቅማል፤ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ያልተገመገመ ረቂቅ፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት፣ አንዳንዴም ያንኑ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ጆርናሎች ብዙ የሚያሳትም ሰው በጎግል ከፍ ብሎ በስኮፐስ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ኮሚቴ ላይ ለተቀመጡ አንባቢዎቻችን አደራ የምንለው፣ ሁለት አመልካቾችን ስታወዳድሩ የአንዱን ከጎግል፣ የሌላውን ከስኮፐስ አትውሰዱ።

ጥያቄ፦ «ሂሳብ አስተምራለሁ። መጀመሪያ ካሳተምኩ 8 ዓመቴ ነው፤ ኤች-ኢንዴክሴ 6 ነው። የኅብረተሰብ ጤና የሚያስተምር ባልደረባዬ 12 ዓመቱ ነው፤ 24 አለው። የምርምር ገንዘብ በዚህ ቁጥር ይደለደል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እንዴት ብዬ ላስረዳ?» (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ይህ የዚህ ወር ዋና ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን። ባጭሩ ሁለቱ ቁጥሮች እንዳሉ ጎን ለጎን ሊቀመጡ አይችሉም፤ የሚቀመጡት ለየዘርፋቸው ከተስተካከሉ በኋላ ነው።

ሳይቴሽን የሚመነጨው ከሌሎች ጽሑፎች የማጣቀሻ ዝርዝር ነው። የሂሳብ ሰው በጥቂት ማጣቀሻ ጽሑፉን ይጨርሳል፤ በጤናና በሞለኪውላር ባዮሎጂ ግን 40ና 50 መደርደር የተለመደ ነው። የሚሰጠው ብዙ በሆነበት ዘርፍ የሚደርሰውም ብዙ ነው። ፍጥነትም አለ። የጤና ጽሑፍ በወጣ በሁለትና በሦስት ዓመቱ ይጠቀሳል፤ የሂሳብ ውጤት ፈላጊ እስኪያገኝ ረጅም ዓመት ሊቆይ ይችላል። የልዩነቱን ስፋት ለማየት ጥግ ጥጉን ይያዙ። እስከ 2014 በተደረገ ቆጠራ በዓለም ከሁሉ በላይ የተጠቀሰው ጽሑፍ በ1951 የታተመው የሎውሪና ባልደረቦቹ የፕሮቲን መጠን መለኪያ ዘዴ ሲሆን፣ የተጠቀሰው ከ305,000 ጊዜ በላይ ነው። ከ350 ዓመት በላይ ሲያስቸግር የኖረውን የፌርማ ቴዎረም የፈታው የአንድሩ ዋይልስ የ1995 ጽሑፍ ወደዚያ ቁጥር አይጠጋም። አንዱ በየላብራቶሪው በየቀኑ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ ሌላኛው ማረጋገጫ ነው። ቁጥሩ የሚነግረን የአጠቃቀም ልማድን እንጂ የሥራን ክብደት ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት የደራሲዎች ብዛት ነው፤ የጤናውን 24 ስታዩ ይህን መጠየቅ ግድ ነው። በሲያትል በሚገኘው ተቋም የሚመራው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት በየአገሩ ብዙ ተባባሪዎች አሉት፤ ኢትዮጵያውያን የጤና ምሁራንም ጥቂት አይደሉም። ጽሑፎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች ይኖሯቸዋል፣ በታላላቅ ጆርናሎች ይወጣሉ፣ በሺህ የሚቆጠር ሳይቴሽንም ያገኛሉ። በፊዚክስ ደግሞ በ2015 የሂግስ ቦሶንን ክብደት ያወጣው ጽሑፍ 5,154 ደራሲ ነበረው። መሳተፉ የሚያስከብር ሥራ ነው፤ ነገር ግን ኤች-ኢንዴክስ ለአምስት መቶኛውም ደራሲ ብቻውን ለጻፈውም እኩል ይቆጥራል። ፍትሐዊው መንገድ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ነው፤ አንድ ጊዜ በሙሉ ቆጠራ፣ አንድ ጊዜ ጽሑፉን ለደራሲው ብዛት አካፍሎ። አራት ደራሲ ካለ ሩብ፣ 500 ካለ አንድ አምስት መቶኛ።

አሁን ወደ ማስተካከያው። መርሁ ቀላል ነው፤ አንድ ጽሑፍ ያገኘውን ሳይቴሽን፣ በዚያው ዘርፍ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው የጽሑፍ ዓይነት ለወጡ ጽሑፎች አማካይ ማካፈል። ስኮፐስ የሚቆጥረው ጽሑፉ በወጣበት ዓመትና በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት የተገኘውን ነው። 1.00 ማለት የዓለም አማካይ ማለት ነው። ለማሳያ ያህል የእርስዎ ጽሑፍ 8 ሳይቴሽን አግኝቶ የአቻዎቹ አማካይ 4 ቢሆን ውጤትዎ 2.0 ነው። የባልደረባዎ 30 አግኝቶ የአቻዎቹ አማካይ 20 ቢሆን 1.5 ነው። በጥሬው 30 ከ8 ይበልጣል፤ ሲስተካከል ግን ይገለበጣል።

ይህን ለማግኘት የተከፈለበት አካውንት አያስፈልግም። በ2022 የተከፈተው ኦፕንአሌክስ የተባለ የመረጃ ቋት በነጻ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የተስተካከለውን ዋጋና ከአቻዎቹ መካከል በመቶኛ ያለበትን ደረጃ ይሰጣል። የዳይሜንሽንስ ነጻ ገጽም ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ጽሑፎች ተመሳሳይ ንጽጽር አለው። የአሜሪካው የብሔራዊ ጤና ተቋም አይሳይት ግን ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች ቋት ውስጥ ያሉትን ብቻ ስለሚያሰላ ለባልደረባዎ ይሠራል፣ ለእርስዎ አይሠራም። ለሂሳብ ከ2021 ጀምሮ በነጻ የተከፈተውን የሂሳብ ጽሑፎች ቋት ዜድቢማት ይጨምሩ፤ ጎግል የማይለያቸውን ስመ ሞክሼዎች በደንብ ይለያል።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የሳይቴሽን ስርጭት ወደ ጥቂቶች ያጋደለ ስለሆነ አብዛኞቹ ጽሑፎች ከ1.00 በታች ናቸው፤ 0.9 ያለው ጽሑፍ ከመካከለኛው በላይ ሊሆን ይችላል። የመቶኛ ደረጃውን አብረው የሚያቀርቡት ለዚህ ነው። ሌላው፣ ባለፈው ዓመት የወጣ ጽሑፍ የአቻዎቹ አማካይ በጣም ትንሽ ስለሆነ አንዲት ሳይቴሽን ቁጥሩን ወደ ላይ ታወረውራለች። ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ለብቻ ያስቀምጡ።

የዘመን ልዩነትም አለ። ሂርሽ ራሱ ኤች-ኢንዴክስን ከመጀመሪያው ኅትመት ጀምሮ ለተቆጠሩት ዓመታት ማካፈልን ሐሳብ አቅርቧል፤ የእርስዎ 6 ለ8፣ 0.75 ነው፣ የባልደረባዎ 24 ለ12፣ 2 ነው። ይህ የዕድሜን ልዩነት እንጂ የዘርፍን ስለማያርም ብቻውን አያድንዎትም። የወሊድ ፈቃድ ወይም ከሥራ የተለዩበት ጊዜ ካለ ከአካፋዩ ይቀነስልኝ ብለው በጽሑፍ ያመልክቱ።

በሂሳብ ላይ በተለይ የሚደርስ አንድ በደል ደግሞ አለ። የሂሳብ ሰዎች የደራሲን ስም በፊደል ተራ ይደረድራሉ። የአባቱ ስም «ወርቁ» የሆነ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የመጨረሻ ደራሲ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የእድገት ነጥብ በደራሲ ቅደም ተከተል በሚሰጥበት ቦታ ይህ በየጽሑፉ ነጥብ ያስቀንሳል። የአሜሪካ የሂሳብ ማኅበር በ2004 ይህን ልማድ የሚያስረዳ መግለጫ አውጥቷል፤ አትመው ከማመልከቻዎ ጋር ያያይዙ፣ የነጥብ ክፍፍሉም እኩል እንዲሆን ይጠይቁ።

ለኮሚቴው አንድ ገጽ ይበቃል። ምርጥ አምስት ጽሑፎችዎን ይምረጡ፤ ለእያንዳንዱ ዓመቱን፣ የደራሲዎቹን ብዛት፣ የእርስዎን ድርሻ፣ ጥሬ ሳይቴሽኑን፣ የተስተካከለውን ዋጋና የመቶኛ ደረጃውን ያስቀምጡ። ባልደረባዎም በዚያው ቅጽ እንዲያቀርብ ይጠይቁ። በ2015 ስለ ምርምር መለኪያዎች አጠቃቀም የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ከአሥሩ መርሆዎቹ በአንዱ የዘርፎች ልዩነት ከግምት ይግባ ይላል፤ በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተረቀቀው መግለጫም የጆርናልን ቁጥር ለግለሰብ ግምገማና ለገንዘብ ድልድል መጠቀምን ይቃወማል። ሁለቱን ቢጠቅሱ ክርክሩ የእርስዎ ብቻ አለመሆኑ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ «በጣና ዙሪያ የውሃ ሀብት አጠናለሁ። ያለኝ ሰባት ጽሑፍ ሆኖ ሳለ ስኮፐስ ሦስት ሰው አድርጎኛል። ጎግል ደግሞ የማላውቀውን የጥርስ ሕክምና ጽሑፍ ጨምሮልኛል።» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ችግሩ የሚጀምረው ከስማችን አሠራር ነው። የመረጃ ቋቶቹ የቤተሰብ ስም ስለሚፈልጉ የመጨረሻውን ቃል ይወስዳሉ። አንዱን ጽሑፍ በአባትዎ ስም፣ ሌላውን አያት ጨምረው ካወጡ ሁለት ሰው ሆኑ። በላቲን ፊደል ስንጽፍ ደግሞ «ፀጋዬ» በሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል፣ «ኃይለማርያም» አንዴ ይያያዛል፣ አንዴ በሰረዝ ይለያል። በተቃራኒው የአባት ስማቸው ታደሰ ወይም ከበደ ሆኖ የራሳቸው ስም በ«አ» የሚጀምር ተመራማሪዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የጥርስ ሐኪሙ የመጣው ከዚያ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ይምረጡና አይልቀቁት። ከዚያ ኦርኪድ ያውጡ፤ ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች የሚሰጥ ነጻ ባለ 16 አኃዝ መለያ ነው። የመጨረሻው አኃዝ ከፊተኞቹ 15 ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ስለሆነ በአኃዝ ፋንታ ኤክስ ፊደል ቢያዩበት አይደንግጡ። ሲመዘገቡ የግልዎንና የመሥሪያ ቤትዎን ሁለት ኢሜይል ያስገቡ፤ በመሥሪያ ቤት ኢሜይል ብቻ የተመዘገበ ሰው ሥራ ሲቀይር አካውንቱ ይቆለፍበታል። «ሌሎች ስሞች» በሚለው ቦታ የተጠቀሙባቸውን አጻጻፎች በሙሉ ይዘርዝሩ።

ስኮፐስ ላይ የደራሲ ፍለጋው ነጻ ነው። የአባትዎን ስም በየአጻጻፉ እየለዋወጡ ይፈልጉ፣ ሦስቱንም ፕሮፋይል ምልክት ያድርጉ፣ የማዋሃድ ጥያቄውን ይክፈቱ፣ የሚመርጡትን ስም ይወስኑ፣ ጽሑፎቹን አንድ በአንድ የእኔ ነው ወይም አይደለም ብለው ያረጋግጡና ይላኩ። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ የማመልከቻ ቀን ሲደርስ አይጀምሩት። ሲዋሃድ ኤች-ኢንዴክሱ እንደ አዲስ ይሰላል እንጂ አይደመርም። ሦስቱ ፕሮፋይሎች ሳይቴሽናቸው (6፣ 5)፣ (5፣ 3) እና (4፣ 4፣ 1) ቢሆን እያንዳንዱ ለብቻው 2 ነው። አንድ ላይ 6፣ 5፣ 5፣ 4፣ 4፣ 3፣ 1 ሲሆኑ ውጤቱ 4 ነው። ተበታትነው የነበሩት እነዚያው ሰባት ጽሑፎች ናቸው።

ጎግል ላይ የጥርስ ሕክምናውን መርጠው ያጥፉ። ሁለት ጊዜ የገባውን ጽሑፍ ሁለቱንም መርጠው ያዋህዱ፤ ከተዋሃደ በኋላ ከቁጥሩ ጎን ኮከብ ከታየ ከሳይቴሽኖቹ ከፊሉ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቀጥሎ ራሱ በራሱ እንዲጨምር የሚፈቅደውን ማስተካከያ ዘግተው «መጀመሪያ በኢሜይል አሳውቀኝ» የሚለውን ይምረጡ። የመሥሪያ ቤት ኢሜይልዎን ካላረጋገጡ ፕሮፋይልዎ በፍለጋ አይመጣም።

የተቋምዎንም ስም እንደዚሁ ይያዙ። ባሕር ዳር በላቲን አንድም ሁለትም ቃል ሆኖ፣ በተለያየ አናባቢ ይጻፋል። የኢንስቲትዩቱን ስም ብቻ ጽፎ ዩኒቨርሲቲውን መተው ደግሞ ጽሑፉ ለዩኒቨርሲቲው ሳይቆጠር እንዲቀር ያደርጋል። ኢንስቲትዩት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ከተማ፣ አገር፤ ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል።

ጥያቄ፦ «በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ትምህርት ላይ በአማርኛ አንድ መጽሐፍና አራት ጽሑፍ አለኝ። ስኮፐስ ባዶ ነኝ። ተማሪዎች እንደሚጠቅሱኝ አውቃለሁ፣ የትም አይታይም።» (ከሞጣ)

መልስ፦ ከማይታይበት ምክንያት ከፊሉ በእጃችን ያለ ነው። የቆዩ የአማርኛ መመረቂያ ጽሑፎች የተተየቡት ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በአንድ ዓይነት መንገድ ከሚለዩበት ሥርዓት ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም በአሮጌው ፎንት መተየቡ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ቀጥሏል። እንዲህ ያለው ፒዲኤፍ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለመፈለጊያው ግን የተዘበራረቀ ላቲን ነው። ስምዎ በማጣቀሻው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ እያለ ማሽኑ አያነበውም።

እንዲህ ይፈትሹ። የጠቀሰዎትን ጽሑፍ ይክፈቱ፣ አንድ መስመር ይቅዱ፣ ባዶ ገጽ ላይ ይለጥፉ። ፊደሉ ግዕዝ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። ትርጉም የሌለው ላቲን ከወጣ ፎንቱ አሮጌ ነው። መስመሩን መምረጥ ጭራሽ ካልተቻለ በስካነር የተነሣ ምስል ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ መድኃኒቱ ባለቤቱ ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ ወይም እንደገና አስተይቦ በዩኒቨርሲቲው ሪፖዚተሪ (የዲጂታል ማከማቻ) እንዲያስገባ ማድረግ ነው። በ2019 የጸደቀው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት በብሔራዊው ሪፖዚተሪ እንዲቀመጥ ይጠይቃል።

የፊደል ምርጫም ሳይቴሽን ይበላል። «ሥነ ጽሑፍ» ብለው የጻፉትን ርዕስ ጠቃሹ «ስነ ጽሁፍ» ብሎ ከጻፈው ማሽኑ ሁለቱን አንድ ነው ብሎ ላያያቸው ይችላል። በየጽሑፍዎ መጀመሪያ «ይህን ጽሑፍ ለመጥቀስ» ብለው ሙሉውን ማጣቀሻ ያስቀምጡ፤ ሰው ቀድቶ ይወስደዋል። ጽሑፍዎ ዲኦአይ (የጽሑፍ ቋሚ ዲጂታል መለያ) ከሌለው ዜኖዶ ላይ በነጻ ያገኛሉ፤ በ2013 የተከፈተ የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት የሰርን ማከማቻ ነው። አስቀድመው ግን ከጆርናሉ ፈቃድ ይጠይቁ።

ለኮሚቴው ቁጥር ብቻ አያቅርቡ። መጽሐፍዎን የጠቀሱትን መመረቂያ ጽሑፎች ገጻቸው ሳይቀር ይዘርዝሩ፤ መጽሐፉ በንባብ ዝርዝር የገባባቸውን ኮርሶች፣ የተጻፉበትን ሂሶች፣ የብዙ ቤተ መጻሕፍት የጋራ ካታሎግ በሆነው በወርልድካት ሲፈለግ የተገኘባቸውን ቤተ መጻሕፍት ይጨምሩ። የቅኔን ጥናት በስኮፐስ መመዘን ሥራውን ለማያውቀው ዳኛ መስጠት ነው። የላይደን ማኒፌስቶ ሦስተኛ መርሁ ለአካባቢ ፋይዳ ያለው ልቀት ይጠበቅ የሚል ነው፤ ይህ ጉዳይ በቀጥታ ይመለከትዎታል።

ጥያቄ፦ «ሥራችን የአሲዳማ አፈርና የሰብል ዝርያ ነው። የምንጽፈው ለአርሶ አደርና ለግብርና ባለሙያ ነው። ይህ ሳይቴሽን አያመጣም። ምን እናድርግ?» (ከአዴት)

መልስ፦ በዝርያ ሥራ ሳይቴሽን ሁለተኛ ማስረጃ ነው። በ2006 ከደብረ ዘይት የወጣው ቁንጮ ጤፍ በጎጃም ማሳዎች የያዘውን ቦታ የትኛውም ኢንዴክስ አያሳይም። የዝርያ ምዝገባውን፣ የተባዛውን ዘር በኩንታል፣ የተሸፈነውን መሬት በሄክታር፣ ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት በማኅተም የተሰጠ ደብዳቤን በአንድ አቃፊ ያድርጉ።

ሳይቴሽኑንም ግን አይተዉት። የኖራ ሙከራ ስታወጡ ከአንድ ቀበሌ የአንድ ዓመት ውጤት ይልቅ የሁለትና የሦስት ዓመትና የብዙ ቦታ መረጃ አንድ ላይ ይሻላል፤ የአፈሩ ፒኤች፣ የሚለዋወጠው አሲድ፣ በሄክታር የተጨመረው ኖራ፣ የኖራው ጥራትና ድቀት በሠንጠረዥ ይውጡ። የሌሎችን ሙከራ አሰባስበው የሚተነትኑ ተመራማሪዎች እነዚህ የጎደሉበትን ጽሑፍ ይጥሉታል፣ አብሮም ሳይቴሽኑ ይቀራል። ጥሬ መረጃውን ለብቻ በዲኦአይ ማስቀመጥም በራሱ ይጠቀሳል።

ጥያቄ፦ «ኢምፓክት ፋክተሩ 7.835 የሆነ ጆርናል በአምስት ቀን አትምልሃለሁ ብሎ ጻፈልኝ። ልላክ?» (ከቡሬ)

መልስ፦ አይላኩ። ኢምፓክት ፋክተር የሚያወጣው ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ ብቻ ነው፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሦስት አኃዝ ያለው «የዘንድሮ» ቁጥር ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። አምስት ቀን ደግሞ ለሁለት ገምጋሚ አይበቃም።

ለሌላም ጊዜ እንዲህ ያጣሩ። በስኮፐስ የጆርናሎች ነጻ ዝርዝር ላይ በስሙ ሳይሆን በአይኤስኤስኤን (የጆርናል መለያ) ቁጥሩ ይፈልጉ፣ የሽፋን ዓመቶቹን ይዩ፤ «እስከ 2021» ካለ ጆርናሉ ወጥቷል፣ አሁን የሚያሳትሙት አይገባም። ከዝርዝሩ የሚወስድዎትን ድረ ገጽ ከኢሜይሉ ጋር ያስተያዩ፤ የታወቀ ጆርናልን ስም ሰርቀው ሌላ ገጽ የሚከፍቱ አሉ። ክፍት ተደራሽ (ማንም በነጻ የሚያነበው) ነኝ ካለ በክፍት ተደራሽ ጆርናሎች ማውጫ በዲኦኤጄ፣ የአፍሪካ ከሆነ በአፍሪካ ጆርናልስ ኦንላይን ይፈልጉት።

እውነተኛው ኢምፓክት ፋክተርም ቢሆን የጆርናሉ እንጂ የጽሑፍዎ አይደለም። ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት ያገኙት ሳይቴሽን ለጽሑፎቹ ብዛት ሲካፈል የሚገኝ አማካይ ነው። አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ የተባለው የክሪስታል ጥናት ጆርናል በ2008 አንድ በጣም የተጠቀሰ ጽሑፍ ስላወጣ የ2009 ቁጥሩ ከ2 አካባቢ ወደ 49.9 ተወርውሯል። አብረው የወጡት ሌሎቹ ጽሑፎች አንድም ነገር አልተጨመረላቸውም።

ጥያቄ፦ «በዲፓርትመንታችን እርስ በርስ እንጠቃቀስ ተባብለናል። ነውር አለው?» (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አዎ፣ አለው፤ ይያዛልም። የራስን የቀደመ ሥራ መጥቀስ ተከታታይ ጥናት ላይ ግድ ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። በስምምነት መጠቃቀስ ግን በመረጃው ላይ ቅርጽ አለው፤ ጥቂት ሰዎች፣ ያንኑ ጽሑፍ፣ በአጭር ጊዜ፣ ከይዘቱ ጋር ሳይገናኝ። ክላሪቬት በዚህ ምክንያት ጆርናሎችን ከዝርዝሩ ያግዳል፤ በ2023 ደግሞ ከፍተኛ ሳይቴሽን ያላቸው ተመራማሪዎች ዝርዝር ሲያወጣ በማጭበርበር ስጋት የሂሳብን ዘርፍ በሙሉ ትቶታል። በስታንፎርድ ሰዎች የሚወጣው ብዙ የተጠቀሱ ተመራማሪዎች የ2 በመቶ ዝርዝርም የእያንዳንዱን ሰው የራስ ሳይቴሽን መቶኛ ያሳያል። ንጹሕ ሥራ ያለው ባልደረባችሁ ሳይቀር አብሮ ይጠረጠራል።

ጥያቄ፦ «ጽሑፌ ተቀባይነት አገኘ፣ የኅትመት ክፍያው ግን ከዓመት ደመወዜ በላይ ነው። ነጻ ይደረግልኛል ሲሉ ሰምቻለሁ።» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ብዙ ትላልቅ አሳታሚዎች እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ደራሲዎች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑ ጆርናሎቻቸው ክፍያውን ይተዋሉ። ሁኔታዎቹን ግን ይዩ። የሚታየው የኮሬስፖንዲንግ ኦተሩ (ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው ደራሲ) ተቋም ያለበት አገር ነው፤ የውጭ ባልደረባዎን በዚያ ቦታ ካስቀመጡ ዕድሉ ያልፋል። ግማሽ ክፍት በሆኑ (አንባቢ ከፍሎ በሚያነባቸው፣ ደራሲ ከፍሎ ጽሑፉን ክፍት በሚያደርግባቸው) ጆርናሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ በእነዚያ ግን ያለክፍያ በተለመደው መንገድ ማሳተምና የተቀበሉትን የመጨረሻ ረቂቅ አሳታሚው በሚፈቅደው ጊዜ በሪፖዚተሪ ማስቀመጥ ይቻላል። ጥያቄውም የሚቀርበው ጽሑፉ በሚላክበት ሰዓት ነው፤ ብዙዎቹ ከተቀባይነት በኋላ የመጣን ጥያቄ አያዩም። የእርስዎ አልፏል ማለት ግን አይደለም። ክፍያውን ከመፈጸምዎ በፊት የላኩበትን ቀን፣ የጽሑፉን ቁጥርና የተቋምዎን አድራሻ ጠቅሰው ለጆርናሉ ጽሕፈት ቤት ዛሬውኑ ይጻፉ፤ ደረሰኝ ከተቆረጠ በኋላ ማስመለሱ እጅግ ይከብዳል።